የብድር ፀሐይ

ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ግንፍሌ ሳይደርሱ፣
አንድ ግቢ አለን፣ ጥላ ነው ልብሱ።
በምሥራቅ በኩል ፎቅ፣ ባለ አሥራ አራት ደርብ፣
በምዕራብ ዝግባ፣ ከጣሪያው በላይ የሚያንዣብብ።
መሬቱ ራሰ በራ፣
ክረምት ማጥ፣ በጋ አቧራ፣
እግር የሚያዳልጥ፣ ጫማ የሚያስወልቅ፤
ስመኝ ያሰጣችው አንሶላ ሲወድቅ
እርግማኗ አጥር አልፎ፣ አስፋልቱን የሚዘልቅ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ስደምር የኖርኩ፣
ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣ ሣር አማረኝ አልኩ።
ልጄ ሳቀች፦ «አባባ፣ እኔን ሀመልማል ብለህ
የአረንጓዴ አምሮትህ ያኔ አልወጣልህ?»

ችግኝ ሻጩ ሰይፈዲን፣ ከቀበና ወንዝ ዳር፣
መዳፉ ላይ አሳየኝ ሁለት ዓይነት ሣር፦
«ይሄ የውጭ ነው፤ ለስላሳ፣ እንደ ሐር፤
ጥላ ይችላል፣ እግር ከረገጠው ግን አያድር።
ይሄኛው ሰርዶ ነው፤ ቢረግጡት፣ ቢነቅሉት አይሞትም፤
ፀሐይ ብቻ ነው የሚጠይቅ፣ ሌላ ዕዳ የለበትም።»

ሰርዶ ገዛሁ፤ በጆንያ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኜ፣
ለሣሩ ወንበር ከፍዬ፣ እኔ ጠርዝ ላይ ሆኜ።
ሰኔ ላይ ተከልኩት፣ ስንዝር ስንዝር አራርቄ፤
የሐምሌን ዝናብ አየሁለት፣ በረንዳ ላይ ጠብቄ።
ነሐሴ ላይ ገረጣ፤ አንገቱን አስግጎ፣
መስኮት ላይ እንደሚቆም ሰው፣ ብርሃን ፈልጎ።
«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላ የተናዘዘችው
ያቺ አህያ፣ እኛ ግቢ ብትመጣ
ኑዛዜዋን ሳትሞት ባየችው!

ያኔ የድሮ ልማዴ መጣ፤ መዝገብ ገዛሁ፣ ባለ መስመር፣
ጠመኔ ይዤ ጥላውን ተከተልኩ፣ ከግንብ እስከ አጥር።
ገቢ፦ አምስት ሰዓት ላይ፣ በፎቁና በዝግባው መሀል
ሃያ ደቂቃ፤ እሱም ደመናው ካዘነ ይባላል።
ወጪ፦ የልጆች ኳስ፣ የስመኝ ባልዲ፣ የድመቷ ጥፍር።
ሚዛኑ አልገጠመም፣ በየትኛውም ቁጥር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣
ቁራጭ ብርሃን አየሁ፣ ግድግዳ ሥር ተነጥፎ።
ቀና አልኩ። ፀሐይ የለችም፤ ዝግባው ሸፍኗታል፤
ያ የነጠቀን ፎቅ ግን በመስታወቱ ይዟታል፣
ከምዕራብ ተቀብሎ ወደ እኛ ይወረውራታል።
ጠዋት የበላብንን ከሰዓት በኋላ ይከፍላል፣
ያለ ወለድ፣ በሽርፍራፊ፤ ደረሰኝ ማን ይጠይቃል?
ሠላሳ አምስት ደቂቃ።
ገቢ ብዬ ጻፍኩት፤ የማን ነው ሳልል፣ በቃ።

ሰርዶውን ነቅዬ ወደዚያች ቁራጭ አዛወርኩ፤
ከቧንቧው ሥር ደግሞ፣ አረም ብዬ ስነቅለው የኖርኩ፣
ስሙን የማላውቀውን ሰፊ ቅጠል
ለጥላው ሰጠሁት፤ በልቤም ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዚያ ናትኤም፣ የስመኝ ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ፣
ሁለት ጡብ ተክሎ ጎል ሠራ፣ ከሣሬ አናቱ።
ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤ ምን እላለሁ?
እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሬን እዚያችው አወጣለሁ።

ሦስት ወር ረገጡት። የጎሉ በር መላጣ ሆነ፤
ዙሪያው ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ መሬት ይዞ ገነነ።
ስመኝ አንሶላዋ ሲወድቅ አራግፋ ትሰቅላለች፤
እርግማኗ አልጠፋም፣ ግን አጥር ውስጥ ትጨርሰዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ መስታወት አጣቢው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ
ከፎቁ ወገብ ደረሰ፣ ባልዲውን ጎኑ ላይ ሰቅሎ።
«ወንድሜ! ስድስተኛው ደርብ፣ ከግራ ሦስተኛዋን!
ደህና አድርገህ እሻት፣ አደራ፣ ያቺን የእኛዋን!»
አልሰማኝም መሰለኝ፤ ጨርቁን ጨመቀ፣ አራገፈ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርሃኑ፣ አንድ ክንድ ያህል
ከጠመኔዬ መስመር አለፈ።